የሽንት ምርመራ ለፀረ-ተባይ ተጋላጭነት፦ የትኛው ናሙና፣ የትኛው ጠቋሚ፣ የትኛው መሣሪያ?

«በአካባቢያችን ሕዝብ ሰውነት ውስጥ ምን ያህል ፀረ-ተባይ ይገባል?» ብሎ የሚነሳ የዞን ጤና መምሪያ፣ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ወይም የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያገላብጠው የላብራቶሪዎችን የዋጋ ዝርዝር ነው። እዚያ ላይ ኦርጋኖፎስፌትና ፓይሬትሮይድ የሚባሉት ሁለት የፀረ-ነፍሳት ቤተሰቦች ፓኔሎች (በአንድ ላይ የሚለኩ ውህዶች ዝርዝር)፣ ግላይፎሴት የሚባለው ፀረ-አረም፣ ኤላይዛና ማስ ስፔክትሮሜትሪ የሚባሉት የመለኪያ ዘዴዎች ተደርድረዋል። የሽንቱ ዓይነት ደግሞ ራሱን የቻለ ምርጫ ነው፤ በየትኛውም ሰዓት የተሰጠ፣ የማለዳ፣ የ24 ሰዓት ወይም የብዙ ሰው ተቀላቅሎ። እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ብሩን ይከፍላል፣ ሕዝቡን ያስቸግራል፣ በመጨረሻም «አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይቀበላል። መድኃኒቱ ግን በየማሳው እየተረጨ ነው። ወረቀቱ «ምንም የለም» ተብሎ ሲነበብ ጉዳቱ ከገንዘብ ኪሳራ ያልፋል።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው ለአጠቃላይ ሕዝብ የሚደረግ ጥናትን ነው፤ ማለትም መርጫ ጀርባቸው ላይ ያልተሸከሙ፣ በምግብ፣ በውሃ፣ በቤት ውስጥ ፍሊትና ከጎረቤት ማሳ በሚመጣ ነፋስ የሚጋለጡ ሰዎችን። የእርሻ ሠራተኛ ክትትል የራሱ መንገድ አለው፤ እዚህ የሚነሳው ልዩነቱን ለማሳየት ያህል ብቻ ነው።

## ከዋጋ ዝርዝሩ በፊት

አማራጮቹን የምንመዝንባቸው ነጥቦች አምስት ናቸው። ጠቋሚው፣ ማለትም ተጋላጭነቱን ለማወቅ የሚለካው ውህድ፣ አካባቢው ላይ በእርግጥ የሚረጨውን ኬሚካል ይይዛል ወይ? ስንት ሰዓት ወይም ስንት ቀን ወደ ኋላ ያሳያል? መሣሪያው በተራ ሰው ሽንት ውስጥ ያለውን ጥቂት መጠን ለማየት ይበቃል ወይ? ተሳታፊው ሳይሰለች ሊያደርገው የሚችል ነው ወይ? ናሙናው ከቀበሌ እስከ ላብራቶሪ ሳይበላሽ ይደርሳል ወይ? ዋጋ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ከአምስቱ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የመጀመሪያው ነው፤ እንደኛ እምነት ትልቁ ጥፋት የሚደርሰውም እዚያ ነው። በስንዴና በጤፍ አገር ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚረጨው በአብዛኛው ፀረ-አረም ነው፤ ከእነዚህ አንዱ 2፣4-ዲ ነው። በባቱና በመቂ የመስኖ ቲማቲምና ሽንኩርት ላይ ፕሮፌኖፎስ፣ ላምዳ-ሳይሃሎትሪንና ማንኮዜብ በስፋት ይረጫሉ። ከአዝመራ በኋላ ጎተራ ውስጥ ገበሬው «ማላታይን» የሚለው ማላቲዮን ይገባል። ወባማ ቀበሌ ውስጥ ደግሞ አጎበሩና የግድግዳው ርጭት አሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤቱና ወደ መድኃኒት ሻጩ ሄዶ ባለፉት ሁለት ወራት የተሸጠውን መመዝገብ ነው። የንግድ ስሙ አይበቃም፤ ከጠርሙሱ መለያ ላይ የሚፈለገው ዋናው ንጥረ ነገር ነው። ተመዝኖና ተቀንሶ በላስቲክ የተሸጠ ዱቄት መለያ ስለሌለው ሻጩን ዋናውን ካርቶን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

## ሽንት ራሱ ትክክለኛው ናሙና ነው?

ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ፀረ-ተባዮች ውሃ ውስጥ ወደሚሟሟ ሜታቦላይት (ሰውነት ሲሰብራቸው ወደሚፈጠር ውህድ) ተለውጠው በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ በሽንት ይወጣሉ። ለእነዚህ ሽንት ጥሩ ነው፤ መርፌ የለውም፣ መጠኑ ይበቃል፣ ሕፃናትም ይሰጣሉ።

ዲዲቲን የመሳሰሉ ኦርጋኖክሎሪኖች ግን እንዲህ አይደሉም። ዲዲቲ ስብ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ በሽንት የሚወጣው እጅግ ጥቂቱ ነው። ጅማ፣ ሰርቦና አሰንዳቦ ላይ ዲዲቲ የተለካው በእናቶች ጡት ወተት ነበር፤ ትክክለኛው ምርጫም ያ ነው። የድሮ የወባ ርጭት ቅሪት የሚያሳስባችሁ ከሆነ የደም ሴረም ወይም የጡት ወተት ውሰዱ፤ ውጤቱም በአንድ ግራም ስብ ይገለጽ።

ኮሊንኤስትሬዝ የሚባለውን ኢንዛይም የሚለካው የደም ምርመራ ሦስተኛው መንገድ ነው። ኦርጋኖፎስፌትና ካርባሜት (ሌላ የፀረ-ነፍሳት ቤተሰብ) ነርቭ ላይ ያደረሱትን ጫና እንጂ የገባውን መጠን አይለካም። ከሰው ሰው በተፈጥሮ ስለሚለያይ ከርጭት በፊት የተወሰደ የራሱ የሰውየው መነሻ ልኬት ይፈልጋል። በካሊፎርኒያ ደንብ የረጪው የቀይ ደም ሴል ኮሊንኤስትሬዝ ከመነሻው ወደ 70 በመቶ ሲወርድ ከሥራው ይነሳል፤ ከ80 በመቶ በታች ሲሆን ደግሞ የአሠራሩ ሁኔታ ይፈተሻል። ለአበባ እርሻ ሠራተኛ ጠቃሚ ነው። ቲማቲም በልቶ ለተጋለጠ የከተማ ሰው ግን ምንም አያሳይም፤ ያን ያህል ጥቂት መጠን ኢንዛይሙን አይነካውም። ሰው ተመርዞ ምራቁ እየተዝረበረበ፣ የዓይኑ ብሌን ጠብቦ፣ ትንፋሽ ካጠረው ደግሞ የጥናት ጥያቄ ቀርቷል፤ በቀጥታ ሆስፒታል ይሂድ፣ የሽንት ውጤትም አይጠበቅ።

## የሽንቱ ዓይነት

በየትኛውም ሰዓት የተሰጠ ሽንት። ጤና ኬላ ለመጣ ሰው ብልቃጥ ሰጥቶ መቀበል ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የጤናና የሥነ ምግብ ጥናት፣ ኤንሄንስ፣ በመላው አገሪቱ የሚጠቀመው ይህንን ነው። ርካሽ ነው፣ እምቢ የሚል ሰው ጥቂት ነው። ድክመቱ አንድ ሰው ጠዋት የሰጠውና ከሰዓት የሚሰጠው በእጥፍና ከዚያም በላይ ሊለያይ መቻሉ ነው። የፓይሬትሮይዱ ጠቋሚ 3-ፒቢኤ ግማሹ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይወጣል። የክሎርፒሪፎሱ ቲሲፒ ዘገምተኛ ነው፤ ግማሹ ለመውጣት 27 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ አንዱ ናሙና ያለፈውን አንድ ሁለት ቀን ብቻ ይናገራል። ለብዙ ሺህ ሰው አማካይ ይበቃል፤ «ይህ ሰው ከዚያ ሰው ይበልጥ ተጋልጧል» ለማለት ግን አይበቃም።

የማለዳ የመጀመሪያ ሽንት። ሌሊቱን ስለሚጠራቀም ወፍራም ነው፤ ጥቂቱም መጠን ይታያል። ሰዓቱም ለሁሉም ተመሳሳይ ነው። ብልቃጡ ማታ ቤት ድረስ መሄድ አለበት፤ ይህም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ሁለት ጉዞ ያስደርጋታል። የእራቱን ምግብ ከምሳው አብልጦ እንደሚያሳይም አትርሱ።

የ24 ሰዓት ሽንት። በመጽሐፍ ደረጃ የሁሉም መለኪያ ነው፤ የዕለቱን ጠቅላላ መጠን በማይክሮግራም ይሰጣል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የመጀመሪያው ሽንት ይደፋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይሰበሰባል፣ የነገውም የ12 ሰዓት ሽንት ይጨመራል። 3 ሊትር የሚይዝ ዕቃና ቀዝቃዛ ቦታ ይጠይቃል። በተግባር ሰው ገበያ ይሄዳል፣ ይረሳል፣ ጀሪካን ተሸክሞ መዋል ያሳፍረዋል። መጉደሉ ከጡንቻ መጥቶ በሽንት በሚወጣው ክሬአቲኒን ይታወቃል፤ ጤነኛ ወንድ በቀን በኪሎ ክብደቱ ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም፣ ሴት ከ15 እስከ 20 ሚሊግራም ታወጣለች። 60 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ያመጣው ጀሪካን ውስጥ 600 ሚሊግራም ብቻ ከተገኘ ግማሹ ሌላ ቦታ ፈሷል። ለ20 ወይም ለ30 ሰው ንዑስ ጥናት ካልሆነ ለሕዝብ ጥናት አንመክረውም።

የተቀላቀለ ናሙና። በዕድሜና በጾታ የተመደቡ የብዙ ሰዎች እኩል መጠን ሽንት በአንድ ላይ ተቀላቅሎ እንደ አንድ ይለካል። አውስትራሊያ ውስጥ በኩዊንስላንድ የ100 ሰው ሽንት በአንድ ጥቅል እየተደረገ ተሠርቶበታል። የላብራቶሪ ወጪን በአስር እጥፍና ከዚያም በላይ ይቀንሳል። የሚሰጠው ግን አማካይ ብቻ ነው፤ ከሁሉ በላይ የተጋለጠችው እናት አማካዩ ውስጥ ትጠፋለች። በጀቱ ለ15 ምርመራ ብቻ ለሚበቃው ግን በ15 ሰው ሽንት ስለ ወረዳ ከመናገር ይህ እጅግ ይሻላል።

አብዛኛውን ጊዜ የምንመርጠው የማለዳ ሽንትን ነው፤ ከአንድ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ ተከታታይ ባልሆኑ ቀናት። የኦርቶዶክስ ተከታይ በበዛበት ቦታ ቀኖቹ ሲመረጡ ጾሙ ይታሰብ፤ የረቡዕ የጾም ምግብ፣ ጎመኑና ቲማቲሙ፣ የሚታየው ሐሙስ ማለዳ ነው። ሦስቱንም ከጾም ቀን ማግስት ወይም ሦስቱንም ከፍስክ ማግስት የወሰደ ጥናት የሳምንቱን ግማሽ አላየም። ገንዘብ ካጠረ የአንዱን ሰው ሦስት ናሙና በእኩል መጠን ቀላቅሎ አንዴ መለካት ይቻላል፤ ሰውየው እንደ ግለሰብ ይቀራል፣ የቀን ለቀን መዋዠቁም ይረግባል።

## የሽንት ቅጥነት ማስተካከያ

ሁለት ሊትር ውሃ የጠጣ ሰው ሽንት ቀጭን ነው፤ ያው መጠን በሊትር ሲሰላ ያንሳል። ማስተካከያው ሁለት ዓይነት ነው።

በክሬአቲኒን ማካፈል የተለመደው ነው። 3-ፒቢኤ በሊትር 0.8 ማይክሮግራም፣ ክሬአቲኒን በሊትር 1.6 ግራም ቢሆን ውጤቱ በግራም ክሬአቲኒን 0.5 ማይክሮግራም ይሆናል። ማንኛውም ሆስፒታል ሊለካው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ክሬአቲኒኑ በሊትር ከ0.3 ግራም በታች ወይም ከ3 ግራም በላይ የሆነን ናሙና አይቀበልም። ችግሩ ክሬአቲኒን የሚመጣው ከጡንቻና ከሥጋ መሆኑ ነው። የሕፃን፣ የአረጋዊ፣ የከሳ ሰው ክሬአቲኒን ዝቅተኛ ስለሆነ ሲካፈል ቁጥሩ ያብጣል። በአብይ ጾም ለሁለት ወር ገደማ ሥጋ ያልቀመሰ ሕዝብ ከፋሲካ በኋላ ከተለካው ጋር ሲወዳደር ኬሚካሉ ሳይጨምር የጨመረ ሊመስል ይችላል። በዚያ ላይ በጾሙ አትክልት ይበዛል፤ እውነተኛው ጭማሪና የስሌቱ ጭማሪ ይደበላለቃሉ።

ስፔሲፊክ ግራቪቲ፣ ማለትም ሽንቱ ከውሃ አንጻር ያለው ክብደት፣ በእጅ በሚያዝ ሪፍራክቶሜትር በአንድ ሁለት ጠብታ ይለካል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የተለካው መጠን ሲባዛ (የጥናቱ መካከለኛ ግራቪቲ ሲቀነስ 1)፣ ሲካፈል (የናሙናው ግራቪቲ ሲቀነስ 1)። መካከለኛው 1.020፣ ናሙናው 1.030 ከሆነ 0.8 ወደ 0.53 ይወርዳል። ጡንቻና ሥጋ ብዙም አያዛቡትም፤ ስኳርና ፕሮቲን ያለበት ሽንት ግን ያሳስተዋል፣ ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ ይመዝገብ። መሣሪያውን በየጠዋቱ በተጣራ ውሃ 1.000 ላይ ማስተካከል ግዴታ ነው። ሕፃናት ወይም የምግብ እጥረት ባለበት ወረዳ ዋናው ማስተካከያችሁ ይህ ይሁን፤ ክሬአቲኒኑንም ከሌሎች አገሮች ቁጥር ጋር ለማነጻጸር ለኩት።

## ጠቋሚዎቹ አንድ በአንድ

ስድስቱ ዳያልኪል ፎስፌቶች (ዳፕ)። አብዛኞቹ ኦርጋኖፎስፌቶች ሲሰበሩ ከስድስቱ አንዱን ወይም ከዚያ በላይ ይተዋሉ። ማላቲዮን፣ ዳይመቶኤትና ለወባ ግድግዳ ላይ የሚረጨው ፒሪሚፎስ-ሜቲል የዳይሜቲል ወገኖቹን፣ ክሎርፒሪፎስና ዲያዚኖን የዳይኤቲሎቹን ይሰጣሉ። ብዙ ኬሚካል በአንድ ምርመራ መያዛቸው ጥንካሬያቸው ነው። የትኛው እንደሆነ ግን አይናገሩም። ሁለተኛው ድክመት የከፋ ነው፤ እነዚህ ውህዶች ፍራፍሬው ላይ ራሱ መድኃኒቱ ሲሰበር ይፈጠራሉ። ሰው የተሰበረውን፣ ጉዳት የሌለውን ይበላና እንዳለ ይሸናዋል፤ ላብራቶሪው ደግሞ እንደ መርዙ ይቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 እስራኤል ውስጥ 250 ገደማ አዋቂዎች ተለክተው ከአሜሪካኖቹ ከፍ ያለ ዳፕ ተገኝቶባቸዋል፤ ብዙ ፍራፍሬ የሚበሉትም ከፍ ያለ ነበራቸው። እንዲህ ያለውን ውጤት ስታነቡ የተወሰነው ክፍል አስቀድሞ ከተሰበረው ሊመጣ እንደሚችል አስታውሱ።

ስለ ስምጥ ሸለቆ አትክልት ደግሞ አንድ ነገር ይሰመርበት፦ ፕሮፌኖፎስ ከስድስቱ አንዱንም አይሰጥም። ገበሬው «ሴሌክሮን» የሚለው መድኃኒት በብዛት በሚረጭበት ወረዳ የዳፕ ፓኔል ብቻ ያዘዘ ጥናት ዋናውን ኦርጋኖፎስፌት ጭራሽ አያየውም። ጠቋሚው 4-ብሮሞ-2-ክሎሮፌኖል ነው፤ በመደበኛ ፓኔል ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ ለይታችሁ እዘዙት።

ቲሲፒ። ለክሎርፒሪፎስና ለክሎርፒሪፎስ-ሜቲል ነው፤ ትሪክሎፒር የሚባል ፀረ-አረምም ይሰጠዋል። የአውሮፓ ኅብረት ክሎርፒሪፎስን እ.ኤ.አ. በ2020 ከገበያ አውጥቷል፤ በ2025 ደግሞ ሳይሰበሩ ረጅም ጊዜ የሚቆዩ መርዞችን የሚመለከተው የስቶክሆልም ስምምነት አባል አገሮች ከነ የተወሰኑ ልዩ ፈቃዶች እንዲወገዱ ከተወሰኑት ዝርዝር ውስጥ አስገብተውታል። ስለዚህ ቲሲፒን ዛሬ የለካ አገር ከዓመታት በኋላ መቀነሱን የሚያሳይበት መነሻ ይኖረዋል። ከሁሉም ኦርጋኖፎስፌት ጠቋሚዎች አንዱን ብቻ ምረጡ ብትሉን ለተከታታይ ክትትል ይህንን እንመርጣለን።

3-ፒቢኤ። ለፐርሜትሪን፣ ሳይፐርሜትሪን፣ ዴልታሜትሪንና ላምዳ-ሳይሃሎትሪን የጋራ ጠቋሚ ነው። አጎበር፣ የትንኝ ርጭት፣ የቤት ፍሊትና «ካራቴ» (ላምዳ-ሳይሃሎትሪን) የተረጨ ቲማቲም ሁሉም እዚህ ይገናኛሉ። ምንጩን ለመለየት ተጨማሪ አሲዶች አሉ፤ ዲቢሲኤ የዴልታሜትሪን፣ ዲሲሲኤ የፐርሜትሪንና የሳይፐርሜትሪን ነው። አጎበሩ በዴልታሜትሪን የተነከረ፣ ማሳው በሳይፐርሜትሪን የሚረጭ ከሆነ ሁለቱን ማዘዝ ተገቢ ነው። ያለዚያ የወባ መከላከያውን ከእርሻው ሳትለዩ ሕዝቡ አጎበር እንዲፈራ ታደርጋላችሁ፤ ይህ ደግሞ የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ስህተት ነው።

2፣4-ዲ። በአብዛኛው ሳይሰበር እንዳለ ስለሚወጣ አተረጓጎሙ ከሁሉም ቀላል ነው። በስንዴና በጤፍ ቀበሌ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ለኩ፤ ታኅሣሥ ላይ የተወሰደ ናሙና ስለ ርጭቱ ወቅት ምንም አይልም።

ግላይፎሴት። ከተዋጠው ጥቂቱ ብቻ ወደ ሽንት ይደርሳል። ኤንሄንስ በ2013 እና 2014 ዕድሜያቸው 6 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ አሜሪካውያን ናሙና ከ80 በመቶ በሚበልጠው ውስጥ አግኝቶታል፤ የመሣሪያው ወሰን (ሊያየው የሚችለው ዝቅተኛ መጠን) በሊትር 0.2 ማይክሮግራም ነበር። ብርጭቆ ላይ ስለሚጣበቅ ናሙናው ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ብቻ ይቀመጥ። አብሮት የሚለካው ስብርባሪው አምፓ ከሳሙና ንጥረ ነገሮችም ስለሚመጣ ለብቻው ማስረጃ አይሆንም።

ኢቲዩ። የማንኮዜብና የዘመዶቹ ጠቋሚ ነው። ቲማቲም በማንኮዜብ በሚታጠብበት አካባቢ፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮችን ለሚያጠና ሰው አስፈላጊ ነው፤ ታይሮይድን ስለሚነካ ያሳስባል። ልዩ ዘዴ ስለሚፈልግ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ዝግጅት አይሄድም።

## የላብራቶሪው ዘዴ

በፀረ እንግዳ አካል የሚለካው ኤላይዛ ርካሽ ነው፤ ሳህን ማንበቢያው በየዩኒቨርሲቲው አለ። ግን ብዙዎቹ የፀረ-ተባይ ኪቶች የተሠሩት ለውሃ ነው። ሽንት ውስጥ ያለው ጨውና ዩሪያ ፀረ እንግዳ አካሉን ያውከዋል፣ ተመሳሳይ ውህዶችም ይጠለፉበታል፤ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ያጋድላል። ለቅድመ ልየታ ይሁን፣ ቢያንስ ከአስር አንዱ ናሙናም በማስ ስፔክትሮሜትሪ ይረጋገጥ።

ጂሲ-ኤምኤስ (ጋዝ ክሮማቶግራፊ ከማስ ስፔክትሮሜትሪ ጋር) ለዳፕና ለፓይሬትሮይድ አሲዶች አስተማማኝ ነው፤ ነገር ግን ውህዶቹን በኬሚካል ለውጦ ተናኝ ማድረግ ስለሚፈልግ ቀኑን ሙሉ እጅ ይይዛል። ኤልሲ-ኤምኤስ/ኤምኤስ (የፈሳሽ ክሮማቶግራፊው ዓይነት) ይህን አይፈልግም፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ብዙ ጠቋሚ ይለካል። መሣሪያው ውድ ነው፤ ናይትሮጅን ጄኔሬተር፣ የማይቆራረጥ መብራትና የጥገና ውል ይጠይቃል። መብራት በጠፋ ቁጥር ቫክዩሙ ይወርዳል፤ እንደገና እስኪረጋጋ ሰዓታት ይሄዳሉ።

ከመሣሪያው ስም ይልቅ ላብራቶሪውን እነዚህን ጠይቁ። 3-ፒቢኤና ቲሲፒ በሽንት ውስጥ በአብዛኛው ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር ተጣብቀው ስለሚገኙ፣ ቤታ-ግሉኩሮኒዴዝ ኢንዛይም ጨምሮ በ37 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አሳድሮ የማላቀቅ ሥራ ይሠራል ወይ? ይህን የዘለለ ላብራቶሪ የሚያየው ከእውነተኛው ጥቂቱን ነው። በካርቦን-13 ምልክት የተደረገበት የውስጥ ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ) ይጨምራል ወይ? ወሰኑ በሊትር 0.1 ማይክሮግራም አካባቢ ይደርሳል ወይ? ወሰኑ 1 ወይም 2 ከሆነ ለተመረዘ ሰው እንጂ ለተራ ሕዝብ አይሆንም። በጀርመኑ ጂ-ኢኳስ ወይም በኩቤኩ ኦሴኳስ የውጭ ጥራት ምዘና ይሳተፋል ወይ? የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች ውጤት እንዲያሳያችሁ አድርጉ።

## ሜዳ ላይ የሚበላሸው

ብልቃጡ አዲስ ፖሊፕሮፒሊን፣ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ክዳኑ የሚጠመዘዝ ይሁን። ካልሰጣችሁ ሰው ሽንቱን በሃይላንድ ያመጣል፤ ለ24 ሰዓት ያመጣው ጀሪካን ደግሞ ቀድሞ ማላቲዮን የነበረበት ሊሆን ይችላል። ሰብሳቢዎች በዚያ ቀን ልብሳቸው ላይ የትንኝ መከላከያ አይርጩ፤ ተሳታፊው እጁን በሳሙና ታጥቦ ክዳኑን ውስጡን ሳይነካ ይክፈት።

ናሙናው በበረዶ ጥቅል ሳጥን ውስጥ 4 ዲግሪ አካባቢ ይጓዝ፤ የክትባት መያዣ መጠቀም ይቻላል፣ ክትባት ካለበት ጋር ግን ፈጽሞ አይቀላቀል። በ24 ሰዓት ውስጥ ይከፈል፣ ይቀዝቅዝ። ሲከፈል ቀስ ብሎ ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ ሽንት ሲቀዘቅዝ ጨዉ ወደ ታች ይወርዳልና። በ5 ሚሊ ሊትር ክራዮቫያል (የማቀዝቀዣ ብልቃጥ) ውስጥ 4 ሚሊ ሊትር ብቻ ጨምሩ፤ እስከ አፉ የተሞላ ሲበርድ ይሰነጠቃል። አራት ቫያል ይበቃል፤ ሁለት ለምርመራ፣ አንድ ለክሬአቲኒን፣ አንድ ለመጠባበቂያ። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለወራት፣ 80 ዲግሪ ለዓመታት። መብራት ሲሄድ ቀልጦ የበረደው ስንት ጊዜ እንደሆነ ይመዝገብ። በፓርከር የተጻፈ ቁጥር በአልኮልና በበረዶ ውሃ ይጠፋል፤ ለዲፕ ፍሪዘር የተሠራ ተለጣፊ ይጠቀሙበት።

ከየ20 ናሙና አንዱ የተጣራ ውሃ ይሁን፤ በተመሳሳይ ብልቃጥ፣ በተመሳሳይ መንገድ ሄዶ ይለካ። ውሃው ውስጥ ፓይሬትሮይድ ከተገኘ ምንጩ ሕዝቡ አይደለም። ሌላ አንድ ደግሞ የአንድ ሰው ሽንት በሁለት የተለያየ ቁጥር ተሰይሞ ይላክ።

ወደ ውጭ የሚላክ ናሙና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ይፈልጋል፤ ለዚህ ወራት መድቡ። ደረቅ በረዶም በቀን ኪሎዎች እየተነነ ያልቃል፤ የበረራ መዘግየት ታስቦ ይጫን።

## በአንድ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | የሚያሳየው ጊዜ | ወጪ | ለምን ይሆናል | ዋና ድክመት |
|---|---|---|---|---|
| የማንኛውም ሰዓት ሽንት | 1–2 ቀን | ዝቅተኛ | ትልቅ አገራዊ ጥናት | ለግለሰብ አይታመንም |
| የማለዳ ሽንት፣ 3 ጊዜ | አንድ ሳምንት ገደማ | መካከለኛ | የወረዳ ጥናት፣ ነፍሰ ጡሮች | የቤት ለቤት ጉዞ |
| የ24 ሰዓት ሽንት | አንድ ቀን ሙሉ | ከፍተኛ | ንዑስ ጥናት፣ የመጠን ስሌት | ሳይሟላ ይመጣል |
| የተቀላቀለ | 1–2 ቀን፣ አማካይ | በጣም ዝቅተኛ | የመጀመሪያ ቅኝት | ከፍተኛ ተጋላጩ ይጠፋል |
| የዳፕ ፓኔል | 1–3 ቀን | መካከለኛ | አብዛኛው ኦርጋኖፎስፌት | ፕሮፌኖፎስን አያይም |
| ቲሲፒ፣ 3-ፒቢኤ | 1–5 ቀን | መካከለኛ | የረጅም ጊዜ ክትትል | ካልተላቀቀ ዝቅ ይላል |
| ኤላይዛ | እንደ ጠቋሚው | ዝቅተኛ | ቅድመ ልየታ | ወደ ላይ ያጋድላል |
| ኮሊንኤስትሬዝ (ደም) | ሳምንታት | ዝቅተኛ | ረጪዎች፣ መመረዝ | ለተራ ሕዝብ አያሳይም |
| ሴረም ወይም ጡት ወተት | ዓመታት | ከፍተኛ | ዲዲቲ | ለዛሬው ርጭት አይሆንም |

## ለማን የትኛው?

በጀቱ ትንሽ የሆነ የማስተርስ ተማሪ ወይም ማኅበር፦ ከ200 ሰው የማለዳ ሽንት ሰብስቡ፣ በዕድሜ፣ በጾታና በቀበሌ እየመደባችሁ 20 ጥቅል አድርጉ፣ ለአንድ ብቁ ላብራቶሪ 3-ፒቢኤና ቲሲፒ ብቻ አስለኩ። የእያንዳንዱን ሰው ቫያል አትጣሉ፤ ከፍ ያለ ጥቅል ሲገኝ ተመልሶ በግለሰብ ለመለካት ነው።

በመስኖ አትክልት ወረዳ የሚሠራ የጤና መምሪያ፦ የማለዳ ሽንት ሦስት ጊዜ፣ በርጭት ወቅትና ከርጭት ውጭ። ጠቋሚዎቹ 3-ፒቢኤ፣ 4-ብሮሞ-2-ክሎሮፌኖል፣ ኢቲዩ፤ ብር ከተረፈ ዳፕ። ማሳ ዳር የሚኖሩትን ከከተማው ጋር አነጻጽሩ።

የእህል አገር፦ በክረምቱ 2፣4-ዲ፣ ጥርና የካቲት ላይ ለጎተራው የማላቲዮን ዳይካርቦክሲሊክ አሲድ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ካለባችሁ ልጆች እህሉ በተቀመጠበት ክፍል የሚተኙ ከሆነ ጎተራውን አስቀድሙ።

አገራዊ ክትትል የሚያቅድ ተቋም፦ በየትኛውም ሰዓት የተሰጠ ሽንት ከብዙ ሰው፣ ከ10 በመቶው ድጋሚ ናሙና፣ ኤልሲ-ኤምኤስ/ኤምኤስ፣ መጠባበቂያ ቫያል በ80 ዲግሪ ቅዝቃዜ። ውጤቱ ሲዘገብ ስንት በመቶው ላይ እንደተገኘ፣ መካከለኛውና 95ኛው ፐርሰንታይል ይቅረቡ። ከወሰን በታች ለሆነው የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚያደርገው ወሰኑን ለ1.41 አካፍሎ መተካት ይቻላል፤ 0.1 የነበረው 0.07 ይሆናል። ከ60 በመቶ በታች ሰው ላይ ብቻ የተገኘ ጠቋሚ ጂኦሜትሪክ አማካይ አይሰላለት።

ውጤቱን ለተሳታፊ ለመመለስ፦ ለአብዛኞቹ ጠቋሚዎች «ከዚህ በላይ በሽታ ነው» የሚባል የሐኪም ድንበር የለም። ለእናትየዋ የሚነገራት በጥናቱ ውስጥ ካሉት ሰዎች አንጻር የት እንዳለችና ነገ ልታደርገው የምትችለው ነው፦ መድኃኒቱን ከመኝታ ክፍልና ከእህል መለየት፣ ባዶ ጠርሙሱን ለውሃ አለመጠቀም፣ ከተረጨ በኋላ የሚጠበቀው ቀን ሳይሞላ አለመልቀም፣ አትክልቱን በሚፈስ ውሃ ማሸት። አጎበሩን ግን እንድትተው አይነገራት።

በግል መመርመር ለሚፈልግ፣ በተለይ አሜሪካና አውሮፓ በፖስታ የሚላክ ኪት ለሚያይ ሰው፦ የአንድ ቀን አንድ ናሙና ስለ ዓመታችሁ አይናገርም። ገንዘቡን ማውጣት ካለባችሁ ልዩነት ለማየት አውጡት። ሲያትል ውስጥ 23 ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት በመሐል ለአምስት ቀን የተለመደው ምግብ በኦርጋኒክ ሲተካ የማላቲዮንና የክሎርፒሪፎስ ጠቋሚዎች ወዲያው ወደ ታች ወርደዋል፤ ወደ ቀድሞው ምግብ ሲመለሱም ተመልሰዋል። ስለዚህ ምግብ ከመቀየር በፊት ሁለት ማለዳ፣ ከተቀየረ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ሁለት ማለዳ ውሰዱ፣ አራቱንም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ላብራቶሪ ላኩ፣ ክሬአቲኒኑም አብሮ እንዲለካ እዘዙ።